ኳሱ ከመሻገሩ በፊት፦ ታዳጊ ልጃገረዶችን ሰርቭ ስለማስተማር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ፣ ከባቲና ከመርሳ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ በትምህርት ቤትና በሰፈር ሜዳ ለመዝናናት ቮሊቦል የሚጫወቱ ልጃገረዶች ሰርቭን፣ ማለትም ጨዋታውን ለመጀመር ከኋላ መስመር ኳሱን መትቶ በመረቡ ላይ ማሻገርን፣ እንዴት ይማሩ የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጡት የዓምዱ አዘጋጅ የሆኑት የቮሊቦል አሠልጣኝ ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከ11 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን ልጃገረዶች ቮሊቦል አለማምዳለሁ። ከመካከላቸው ሰርቩን በእርግጠኝነት የሚያሻግሩት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ የሌሎቹ ተራ ሲደርስ ኳሱ ወይ መረብ ሥር ይወድቃል ወይ ወደ ጎን ይወጣል። ጨዋታው ሳይጀመር ነጥብ እየተቆጠረ ልጆቹም ተመልካቹም ይሰለቻሉ። ወላጆች ‹‹እንደምንም ብላ ታሻግረው›› ስለሚሉኝ ሁሉም ከታች በቡጢ እየመቱ እንዲያሻግሩ ማድረግ ጀምሬአለሁ። ትክክል ነኝን? ከላይ ወደሚመታው ሰርቭ መቼ ላሸጋግራቸው?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከታች የሚመታው ሰርቭ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ በዓለም አቀፉ ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ለጀማሪም ጥሩ በር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ‹‹እንደምንም›› የሚለው ቃል ነው። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከሙሉው ርቀት፣ ማለትም ከመረቡ 9 ሜትር ላይ ካለው የኋላ መስመር ቆማ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የሴቶች መረብ ላይ ኳሱን አሻግሪ ስትባል፣ አቅሟ ስለማይፈቅድላት በሌላ ነገር ታካክሰዋለች። ወገቧን ወደ ኋላ ትለምጣለች፤ ክርኗን ታወርዳለች፤ ኳሱን ከራሷ ኋላ ወርውራ በሰውነቷ ሁሉ ትወረወርበታለች። ኳሱ አንዳንዴ ይሻገራል፤ ይጨበጨብላታልም። እኛ ግን ያጨበጨብነው ከሁለት ዓመት በኋላ ልናስተዋት ለምንደክምበት የመምታት ልማድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀየረው ርቀቱ ነው። በሜዳው ላይ ከመረቡ 3 ሜትር ላይ የተሠመረውን የአጥቂ መስመር ያውቁታል። ልጆቹን ከዚያ መስመር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አቁመው ይጀምሩ። አንዲት ልጅ አመታቷ ሳይበላሽ ከአሥሩ ሰባቱን ስታሻግር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሂድ፤ እዚያ ላይ አመታቷ ከተበላሸ ትመለስ። አንዷ 5 ሜትር ላይ፣ ሌላዋ 8 ሜትር ላይ ሆና በአንድ ጊዜ ብትለማመድ ምንም ችግር የለውም። በዚህ መንገድ የሚመራ ቡድን ጎን ለጎን ሲቆም ሰልፉ የተዝረከረከ ይመስላል፤ ለተመልካች ብለው እንዳያስተካክሉት አደራ። መረቡንም ቢሆን ለዚህ ዕድሜ ወደ 2 ሜትር አካባቢ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ገመዱ የታሰረው በሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ከሆነማ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ዓይንዎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አብዛኞቻችን ሰርቭ ሲመታ ኳሱን ተከትለን ወደ ማዶ እናያለን። ጥፋቱ ግን ማዶ የለም፤ የተፈጸመው ኳሱ ከመመታቱ በፊት ነው። እንዲያውም ከላይ በሚመታው ሰርቭ ላይ ከማያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከውርወራው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኳሱን በሁለት እጅ ወደ ላይ የምትወረውር፣ ከሚገባው በላይ ሰማይ የምታስነካ፣ ወይም ከራሷ ኋላ የምትጥል ልጅ እጇ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በየጊዜው የተለየ ኳስ ነው የምትመታው። ቀኝ እጇ መቺ ከሆነ ግራ እግሯ ትንሽ ይቅደም፤ ኳሱን በግራ መዳፏ ላይ ይዛ ግራ ክንዷን ወደ ፊት ትዘርጋ፤ ከዚያም ኳሱ ሳይሽከረከር፣ ከቀኝ ትከሻዋ ፊት ለፊት፣ የተዘረጋው መቺ እጇ ከሚደርስበት ከፍታ ጥቂት ብቻ ከፍ እንዲል ታንሣው። ‹‹ታንሣው›› ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ልጆች ወርውሪ ሲባሉ ይወረውሩታል፤ አንሺው ሲባሉ ግን እጃቸው ይረጋል።

ይህን ለመለማመድ ኳሱን መምታት አያስፈልግም። ልጅቱ ታንሣውና እጇን ሳታሳርፍበት ይውደቅ። ኳሱ የፊተኛው እግሯ ጣት ካለበት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በመቺው ትከሻ አቅጣጫ ካረፈ ውርወራው መልካም ነው፤ ከኋላዋ ወይም ከጎኗ ካረፈ ገና ነው። መሬቱ ላይ በኖራ አንድ ትንሽ ክብ ቢሠሩላት ፈራጁ እርስዎ መሆንዎ ይቀርና ራሷ ታያለች። በልምምድ ወቅት ነጥብ መያዝ ካማራቸው የተሻገረውን ኳስ ሳይሆን ክቡ ላይ ያረፈውን ይቁጠሩላቸው። የተሻገረውን ለመቁጠር ጨዋታው ራሱ ይበቃል።

አንድ ወይም ሁለት ኳስ ብቻ ለቡድኑ ሁሉ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ የአብዛኛው ትምህርት ቤት ኑሮ ይኸው ነውና። ለዚህ የካልሲ ኳስ ፍቱን ነው። ከራስ በላይ የሚመታ ሰርቭና ከራስ በላይ የሚወረወር ነገር የክንድ እንቅስቃሴያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ክርን ከፍ ይላል፣ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ትከሻና ዳሌ ይዞራሉ፣ እጅ በመጨረሻ ይከተላል። በአካባቢያችን ወንዶቹ ልጆች ከብት ሲጠብቁም ሲጫወቱም ድንጋይ መወርወር ስለሚለምዱ ይህ እንቅስቃሴ ሳይማሩት ያድርባቸዋል፤ ብዙዎቹ ልጃገረዶች ግን ያንን ዕድል አያገኙም፤ ከዚያም ‹‹ለሴት ልጅ ይከብዳታል›› እንላለን። ስምንት የካልሲ ኳስ ይሠራና ለሁለት ተከፍለው በመረቡ ላይ ይወራወሩ፤ ለአሥር ደቂቃ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ ተራ የሚጠብቅም የለም።

እንግዲህ ከታች ወደ ላይ መቼ ይሸጋገሩ ላሉት፣ መለኪያው ዕድሜ አይደለም። አንዲት ልጅ ትክክለኛውን የቮሊቦል ኳስ ከ6 ወይም ከ7 ሜትር ርቀት በአንድ እጇ ከራሷ በላይ ወርውራ በመረቡ ላይ ያለ ጭንቅ ማሳለፍ ከቻለች፣ ለከላዩ ሰርቭ የሚበቃ አቅም አላት። ካልቻለች ከታች ትምታ፤ ወራት ቢወስድባትም አይቸኩሉ። ከታች ስትመታም ኳሱን በያዘችው እጅ ላይ እንዳለ እንዳትመታው ይጠንቀቁ፤ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ከእጅ መለቀቅ አለበት፤ አለዚያ ዳኛ ፊሽካ ይነፋባታል። በቡጢ ከሚሆንም ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው የመዳፍ ጠንካራ ክፍል ብትመታው ኳሱ አቅጣጫውን ይጠብቃል፤ የቡጢ አንጓዎች ወጣ ገባ ናቸውና ኳሱን ወዳላሰበችው ያስወነጭፉታል። ከላይ በሚመታው ሰርቭም የሚነካው ይኸው የመዳፍ ክፍል ስለሆነ ቀድማ የለመደችው ነገር ይጠቅማታል።

ግራኝ የሆነች ልጅ ካለችዎ በግራዋ ትምታ። ቤተሰብ ‹‹በቀኝሽ አድርጊው›› የሚላት ከሆነ በትሕትና ያስረዱልኝ፤ ከግራ እጅ የሚመጣ ሰርቭ ለተቀባዮች ያልለመዱት አቅጣጫ ስለሆነ ለቡድኑ ሀብት ነው።

ስለ ግጥሚያው ደግሞ፣ የወዳጅነት ጨዋታ እስከሆነ ድረስ ከወዲያኛው አሠልጣኝ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። እኔ ሁለት ነገር እንድትስማሙ እመክራለሁ። አንደኛው፣ ገና ያልደረሱት ልጆች ከ6 ወይም ከ7 ሜትር እንዲመቱ መፍቀድ ነው። ሁለተኛው፣ አንዲት ልጅ በሰርቯ ተከታታይ 5 ነጥብ ካስቆጠረች ኳሱ ለሌላው ቡድን እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ቮሊቦል በሮቴሽን፣ ማለትም ተጫዋቾች በተራ ቦታ እየተለዋወጡ፣ ሁሉንም ወደ ሰርቭ የሚያመጣ ጨዋታ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን አንዷ ጠንካራ ልጅ መስመሩ ላይ ቆማ 14 ነጥብ በተከታታይ ስትሰበስብ የቀሩት 11 ልጆች ቆመው ያያሉ። ያን ቀን ውጤቱ የእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ልምምዱ ግን የማንም አልሆነም።

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ የምኖር እናት ነኝ። የ13 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤቷም ለሰፈሩም ቡድን ትጫወታለች፤ ሰርቭም ሆነ ስፓይክ (መረቡ አጠገብ ተዘሎ በኃይል ወደ ታች የሚመታው ኳስ) የሚሰጣት ለእርሷ ነው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ቀኝ ትከሻዋን ያማታል፤ ስትመታ ይብስባታል፤ ስታርፍ ይተዋታል። አሠልጣኟ ‹‹ጡንቻዋ ነው፣ ይለምዳል›› አለኝ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ወጌሻ ጋ ውሰጃት ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከላይ መምታቷን ዛሬውኑ ታቁም። ይህን በኃይለ ቃል የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በዚህ ዕድሜ የክንድ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፤ አጥንቱ የሚረዝመው ደግሞ ጫፉ አካባቢ ባለ፣ ከሌላው የአጥንት ክፍል ይልቅ ለስላሳ በሆነ ቦታ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት በትከሻ በኩል ያለው የዕድገት ቦታ እስከ ጉርምስና ማብቂያ ድረስ አይዘጋም። በተደጋጋሚ ከራስ በላይ መምታትና መወርወር ይህን ቦታ ያስቆጣዋል። አዋቂ ቢሆን ጡንቻውን ወይም ጅማቱን የሚያመው ድካም በልጅ ላይ የዕድገት ቦታውን ሊጎዳ ይችላል፤ ‹‹ይለምዳል›› የማይባለውም ለዚህ ነው።

ወጌሻ ብዙ ሰው ያዳነ ሙያ እንዳለው አውቃለሁ፤ የተወለቀ ጣት ወይም የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ይዘው የሚሄዱ ጥቂቶች አይደሉም። የልጅቱ ችግር ግን ቦታውን የለቀቀ ነገር አይመስለኝም፤ የሚያስፈልገው ዕረፍት እንጂ ተጨማሪ ጫና አይደለም፤ ስለዚህ ትከሻዋ በኃይል ባይታሽና ባይጎተት ይሻላል። ሐኪም ይያት፤ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ራጅ ያዛል። በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ እብጠት፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም ክንዷን ወደ ላይ ማንሣት አለመቻል ካለ አንድ ቀን አይደር። የሕመም ማስታገሻ ዋጥ አድርጋ ወደ ሜዳ እንድትገባ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙት፤ ሕመሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን አጥፍቶ መጫወት ጉዳቱ እንዳይታወቅ ያደርጋል እንጂ ጉዳቱን አያስቀርም።

ማረፍ ማለት ቤት መቀመጥ ማለት አይደለም። ሕመም እስካልቀሰቀሰባት ድረስ ከታች ኳስ መቀበልን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ሩጫን መለማመድ ትችላለች። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቃትና ሐኪሙ ከፈቀደላት በኋላ የምትመለሰው በጥቂት፣ በቅርብ ርቀትና በዝግታ በሚመቱ ሰርቮች ነው፤ ስፓይኩ በመጨረሻ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ልጅዎ በሳምንት ስንት ጊዜ ከላይ እንደምትመታ የሚያውቅ ሰው አለ? የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ የእርሱን ያውቃል፤ የሰፈሩም የራሱን። ድምሩን የሚያውቀው ትከሻዋ ብቻ ነው። በአሜሪካ ሊትል ሊግ በተባለው የልጆች ቤዝቦል (የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ከ11 እስከ 12 ዓመት ያለ ወርዋሪ በአንድ ቀን ከ85 ጊዜ በላይ እንዳይወረውር፣ ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለው ደግሞ ከ75 እንዳያልፍ በደንብ ተወስኗል፤ በርከት አድርጎ የወረወረ ልጅም ቀጥሎ ያሉትን ቀናት እንዲያርፍ ይገደዳል። በቮሊቦል እንዲህ ያለ የቁጥር ገደብ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ስለሌለ ገደቡን ማበጀት የእኛ የአሠልጣኞችና የእናንተ የወላጆች ፋንታ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ በአንድ ልምምድ ሰርቭና ስፓይክ ተደምረው ከላይ በሙሉ ኃይል የሚመቱት ከ40 እንዳይበልጡ፣ በተከታታይ ቀናትም እንዳይሆን እመክራለሁ። ይህ የእኔ ልማድ እንጂ የሕግ ቁጥር አይደለም። ሁለቱ አሠልጣኞች እንዲነጋገሩ ያድርጉ፤ ካልተነጋገሩ ከሁለቱ ቡድን አንዱን ለዚህ ዓመት ትተወው። በመጨረሻም፣ ልጅቱ ከልምምድ በፊት 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ውኃ የምታመላልስ ከሆነ ያም ትከሻ ላይ የሚቆጠር ሥራ ነው፤ ቢቻል ሕመሟ እስኪሻል ሌላ ሰው ይተካት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ14 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ወልዲያ ነው። በልምምድ ጊዜ ሰርቭ አልስትም። በግጥሚያ ውጤቱ ሲቀራረብ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ኳሱ መረብ ላይ ይቀራል፤ ጓደኞቼም ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል። ሊቤሮ የምትባለው፣ ከኋላ ሆና ኳስ የምትቀበለው ተጫዋች፣ ሰርቭ አትመታም ሲባል ሰማሁ። ሊቤሮ ብሆን አይሻለኝም?

መልስ፦ ልጄ፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ሊቤሮ ሰርቭ አትመታም። ሊቤሮነት ግን ኳስ መቀበል ለሚወዱ ነው፤ ከሰርቭ ለመሸሽ ብለሽ ከገባሽበት ደግሞ እዚያ የሚጠብቅሽ ሌላ ጭንቀት ነው፤ የሌላው ቡድን ኃይለኛ ሰርቭ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። በ14 ዓመትሽ አንዱን በር ባትዘጊው እመርጣለሁ።

ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ለመምታት 8 ሰከንድ አለሽ። አንቺ ግን ፊሽካው ሲጮኽ ወዲያው የምትመቺ ይመስለኛል፤ የሚፈራ ሰው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋልና። ጊዜውን ተጠቀሚበት። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የምታደርጊው ነገር ይኑርሽ፦ ኳሱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንጥሪ፣ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ አስወጪ፣ የምትልኪበትን ቦታ እዪ፣ ከዚያ ኳሱን አንሺ። ልብ በዪ፣ ማንጠር ይፈቀዳል፤ ለመምታት ብለሽ ወደ ላይ ካነሣሽው በኋላ ግን ሳትመቺ ጥለሽው እንደገና መሞከር አይፈቀድም። ውጤቱ 3 ለ 2ም ይሁን 24 ለ 24 ይህ ቅደም ተከተል አይለወጥ፤ በልምምድም ካላደረግሽው በግጥሚያ አይመጣልሽም።

የምትልኪበት ቦታ ሰፊ ይሁን። በተቀራረበ ውጤት ላይ የጎን መስመሩን ማዕዘን ማነጣጠር የአንቺ ዕድሜ ሥራ አይደለም፤ የሜዳው መካከል፣ ወደ ኋላ ጠጋ ያለው ቦታ ይበቃል። ኳሱ መረቡን ነክቶ ቢያልፍም ጨዋታው ይቀጥላል፤ ስለዚህ መረቡን ፈርተሽ ሰማይ አታስነኪው።

ለአሠልጣኝሽም ይህን መልእክት አድርሺልኝ፦ የልምምዱ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሲደክማቸው፣ ‹‹ውጤቱ 23 ለ 23 ነው›› ይበልና እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሰርቭ ብቻ ምቱ፤ ሌሎቹ ቆመው ይመልከቱ። የሳተችውን ማንም ምንም አይበላት። ጓደኞችሽ ፊታቸውን ማጥቆራቸው የአንቺ ችግር አይደለም፤ አሠልጣኙ ሊያስተካክለው የሚገባ የቡድን ምግባር ነው፤ ሰርቭ የምትመታ ልጅ ዞር ብላ የምታየው ፊት የእጇን ያህል ይሠራል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ልጆቻችን በሜዳቸው ጥሩ ሰርቭ ይመታሉ። ደሴ ሄደን ስንጫወት ግን ኳሱ ከኋላው መስመር እያለፈ ይወጣባቸዋል። አንዳንዱ ‹‹የደሴ አየር ነው›› ይላል። እውነት ነውን?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ልዩነት አየሩ ወደ 6 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ኳሱን የሚይዘው በጥቂቱ ነው። በጠንካራ ሰርቭ ላይ ከመስመሩ ትንሽ ገባ ብሎ ያርፍ የነበረው ኳስ ትንሽ ወጣ ብሎ ሊያርፍ ይችላል። የታዳጊ ልጅ ሰርቭ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በአየሩ ብቻ ብዙ አይረዝምም።

እኔ ይልቅ የምጠረጥረው ኳሱን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ተነፍቶ በመኪና ዳገቱን የወጣ ኳስ ውስጡ ያለው አየር ያው ሆኖ ሳለ ከውጭ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ይጠጥራል። ሕጉ የሚፈቅደው የኳስ ግፊት በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም ነው፤ በሁለቱ ከተሞች ከፍታ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ደግሞ 0.06 ይጠጋል፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በልክ የተነፋው ደሴ ሲደርስ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። የደሴ ብርድ ከዚህ የተወሰነውን ይመልሰዋል። የጠጠረ ኳስ ከእጅ ላይ ፈጥኖ ይወረወራል፤ የልጅን ክንድም ይቀጠቅጣል። ደሴ ስትደርሱ የእናንተንም ሆነ የባለሜዳውን ኳስ በመለኪያ ፈትሹ፤ መለኪያ ከሌለ ሁለት አውራ ጣት አስቀምጦ መጫን ጥቂት ይረዳል። ከዚያ ልጆቹ ሳይጋጠሙ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰርቭ ይምቱና ረዘመብኝ ያለችው በኃይል ሳይሆን በአቋቋሟ ታስተካክለው፤ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ርቃ መቆም ሕጉ አይከለክላትም።

ጥያቄ፦ ከባቲ የምጽፍ አባት ነኝ። ልጄ ሂጃብ ትለብሳለች፤ መጫወት ትወዳለች። ልብሱ ለሰርቩ እንቅፋት ይሆንባታልን? በረመዷንስ ልምምዱ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቅፋት አይሆንባትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የግብፅዋ ዱዓ ኤልጎባሺ በባሕር ዳርቻ ቮሊቦል ሂጃብና ረጅም ልብስ ለብሳ ተጫውታለች። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁላት። ሻሹ በመርፌ ወይም በስፒል አይያዝ፤ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነገር ለብሶ መጫወት ክልክል ነው፤ ወደ ውስጥ የሚታሰር ወይም በራሱ የሚለጠጥ ይሁን። ደግሞም ቤት ውስጥ ክንዷን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ዘርግታ ትሞክረው፤ ብብቷ ሥር የሚይዛት ልብስ ካለ ክርኗን እንድታወርድ ያደርጋታልና ሰፋ ያለ ይለበስ።

በረመዷን ልምምዱ ወደ ማፍጠሪያው ቢጠጋና ቢያጥር ይበቃል። ሩጫና ዝላይ ይቅሩ፤ ውርወራና የቅርብ ሰርቭ ግን ብዙ አያደክሙም። በዓቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾሙ ልጆችም በዚያው ቡድን ውስጥ ስለሚኖሩ አሠልጣኙ ሁለቱንም ወቅት አስቀድሞ በመርሐ ግብሩ ቢያስገባ ማንም ከልምምድ አይቀርም፤ ሳይበሉ ለመጡትም ለብቻቸው ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ በስልክ ላይ የታላላቅ ተጫዋቾችን ዘሎ የሚመታ ሰርቭ እያየች ያንኑ ካልተማርኩ ትላለች። ላስተምራት? (ከመርሳ)

መልስ፦ ገና ነው። ዝላዩ ከውርወራውና ከምቱ ጋር ሦስተኛ ነገር ሆኖ ይጨመራል፤ ሁለቱ ሳይረጉ ሦስተኛው ቢመጣ ሦስቱም ይፈርሳሉ። በደረቅ የአፈር ሜዳ ላይ ደጋግሞ መዝለልም በማደግ ላይ ያለን ጉልበት ያሳምማል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሜዳው ያዳልጣል። ቆማ ከ9 ሜትር በተረጋጋ አመታት ማሻገር ከለመደች በኋላ ከ15 ዓመት ወዲያ ብትጀምረው አይረፍድባትም። ስልኩን ግን አይንጠቋት፤ ተጫዋቿ ኳሱን ወደ ላይ የምታነሣበትን ቅጽበት አዝግማ ደጋግማ ትየው፤ የኳሱን ከፍታና ከትከሻዋ ፊት ያለውን ቦታ አይታ ነገ ጠዋት ግቢ ውስጥ በካልሲ ኳስ ትሞክረው።